ለሚጠብቅ ሰው ጥላ ማን ይንደፍለት?

በአገራችን መናኸሪያዎች ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የደረሰ መንገደኛ የመጀመሪያ ሥራው ትኬት መቁረጥ ሳይሆን መቀመጫ መፈለግ ነው። ያገኘው ነገር ሁሉ መቀመጫ ይሆንለታል፤ የራሱ ሻንጣ፣ የጎረቤቱ ጆንያ፣ ገና ያልተከፈተ ሱቅ ደረጃ፣ ባዶ ጀሪካን። ይህ ጸሐፊም ከእነዚህ በአንዱ ላይ ተቀምጦ ያነጋቸው ሌሊቶች ጥቂት አይደሉም። የየትኛው ከተማ መናኸሪያ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ አንባቢ የሚያውቀውን ከተማ ስም ቢያስገባበት ብዙም አይሳሳትም።

ስለ ሕንፃ ጥበብ የሚጻፍ ሒስ ከጆንያ ላይ መጀመሩ ያስገርም ይሆናል። ሒስን የለመድነው ለመጽሐፍ፣ ለቲያትርና ለሥዕል ነው። ለመሆኑ ሕንፃን ማን ይተቸዋል? ሲመረቅ ሪባን ይቆረጥለታል፤ ፎቁ ይቆጠራል፤ የወጣበት ገንዘብ ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ነው። መጽሐፍ ካልጣመን አጥፈን እናስቀምጠዋለን። መጥፎ ሕንፃን ግን አጥፎ ማስቀመጥ አይቻልም፤ እኛም ልጆቻችንም እንኖርበታለን። ስለዚህ ሒሱ የሚጠቅመው ሕንፃው ገና ወረቀት ላይ ሳለ ነው። ከወረቀትም የተማሪ ወረቀት ይመረጣል፤ የዛሬ ተማሪ የሚነድፈው ነገ የምንገባበትን ነውና።

በአውቶብስ ውስጥ የተገኘ ጥቅል

ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያ ስጓዝ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ እንደ ሕፃን ታቅፎ ነበር። ረዳቱ «ጣራ ላይ ልጫንልህ» ቢለውም እምቢ አለ። 520 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ሲጓዝ እንቅልፍ ቢያንጎላጀውም ቱቦውን አልለቀቀም። ወሬ ስንጀምር የመርሳ ልጅ፣ የአርክቴክቸር ተማሪ መሆኑን ነገረኝ። በቱቦው ውስጥ ያለው የመመረቂያ ንድፉ ነው፤ ለቤተሰቡ ሊያሳይ ይዞት መሄዱ ነው። ስሙንም ትምህርት ቤቱንም እንዳልጽፍ ስለለመነኝ አልጽፍም።

በማግስቱ ወልድያ ውስጥ በአንዲት ቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀቶቹን ዘረጋልኝ። ባለቤቷ ስኒዎቹን አነሳችልን። «ጋሼ፣ እርስዎ ጋዜጠኛ ነዎት፤ ምሕንድስና ባያውቁም ሰው ያውቃሉ። እስቲ ይዩልኝና ሳይሳሱ ይተቹልኝ» አለኝ። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ላለ ሰው «ጋሼ» መባል ብዙም ባይጥምም፣ «ሰው ያውቃሉ» የምትለዋ ግን አሸነፈችኝ።

ሥራዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ለወልድያ የታሰበ ትልቅ መናኸሪያ ነው፤ አውቶብሱን ብቻ ሳይሆን ወደፊት ከሀራ ገበያ የሚመጣውን የባቡር መንገደኛም የሚቀበል። ሁለተኛው በመርሳ ለኮሌጅ ግቢ የታሰበ የንባብ ቤት ነው። የመጀመሪያው ትልቅ፣ ባለ ቀለምና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ሁለተኛው ትንሽና ዝምተኛ። ልጁ የሚኮራው በመጀመሪያው ነው። እኔ ደግሞ የወደድኩት ሁለተኛውን ነው። ይህ ጽሑፍም የዚህ አለመግባባት ውጤት ነው።

ጠባቂው ከተማ

ወልድያን መንገድ ሠራት ቢባል ከእውነት አይርቅም። በደሴ በኩል ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ በእርሷ አልፎ ወደ አላማጣና ወደ መቀሌ ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ምዕራብ ተገንጥሎ ተራራውን በመውጣት በጋሸናና በደብረ ታቦር ወረታ ይገባል። ከጋሸና ደግሞ ወደ ላሊበላ ይታጠፋል። ስለዚህ በገና ሰሞን ምእመናን፣ በመስከረም ተማሪዎች፣ በገበያ ቀን ገበሬዎች እዚህ ይገናኛሉ። ሲገናኙ ምን ያደርጋሉ? ይጠብቃሉ። መኪናው እስኪሞላ፣ ዝናቡ እስኪያባራ፣ መንገዱ እስኪከፈት።

ከተማዋ ራሷም መጠበቅን ታውቃለች። ዩኒቨርሲቲዋ በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ጀመረ። የባቡሩ ሥራ በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ከወልድያ ወጣ ብላ እስከምትገኘው ሀራ ገበያ 392 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሐዲድ ነው። ጥር 6 ቀን 2009 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ተመረቀ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነት እጅ ቆየች፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፣ ተጎዳ፤ የባቡሩ ፕሮጀክትም ንብረቱን አጣ። ሐዲዱ ቀድሞም ከኤሌክትሪክ ኃይል አቅርቦት ጋር በተያያዘ ችግር ነበረበት። እንግዲህ ይህ ተማሪ የሚነድፈው ባቡርን ለዓመታት ስትጠብቅ ለቆየች ከተማ ነው። ቀላል ሥራ አይደለም።

ጣቢያ ማለት ምን ነበር?

ስለ ጣቢያ ሕንፃ ስንነጋገር ለገሀርን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬም የምናውቀው ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ስሙ ራሱ የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» በአማርኛ አፍ የተዋጠ ነው። ቤቱ በመጠኑ ያን ያህል ግዙፍ አይደለም። ያከበረው ግን ቦታው ነው፤ ፊቱን ወደ ከተማው አዙሮ፣ ከፊቱ ሰፊ መንገድ ተዘርግቶለት ቆሟል። ከባቡር የወረደ ሰው ከሕንፃው እንደወጣ ከተማ ውስጥ ነበር።

ድሬዳዋ ደግሞ የበለጠ ትናገራለች። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላቃተው በ1895 ዓ.ም. ከሥሩ አዲስ ከተማ ወለደ። ከጣቢያው አጠገብ ያለው ከዚራ ዝነኛ የሆነው በግንቡ ሳይሆን በዛፉ ጥላ ነው። ሙቀት በበዛበት አገር ጣቢያ የሠሩ ሰዎች ከጣቢያው ጋር ጥላም ተክለዋል። ባቡሩ ቢዘገይም ሰው ከጥላው ሥር ነበር።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ግን መንገደኛውን የሚቀበለው ከመሀል ከተማ ርቆ ለቡ ላይ ነው። አዳራሹ ሰፊ፣ ጣራው ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ባቡር ለመያዝ መጀመሪያ ሌላ መጓጓዣ መያዝ ግድ ነው። ለገሀር ትንሽ ሆኖ ከተማው መሀል ነበር፤ አዲሱ ትልቅ ሆኖ ከከተማው ዳር ነው። በመጠንና በጥቅም መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻውም።

መሶቡና መስተዋቱ

አሁን ወደ ወልድያው መናኸሪያ ንድፍ እንመለስ። በቅድሚያ ምስጋናውን። ልጁ ከተማዋን ያውቃታል። ወልድያ ተዳፋት ናት፤ እርሱም ተዳፋቱን በዶዘር ከመደልደል ይልቅ ተጠቀመበት። ከላይኛው መንገድ የመጣ እግረኛ ያለ አንዳች ደረጃ ወደ አዳራሹ ይገባል፤ አውቶብሶቹ በታችኛው ወለል ይቆማሉ። የሚገባውና የሚወጣው መኪና መንገዱ የተለያየ ነው፤ እናት ልጇን ይዛ በሚንቀሳቀስ አውቶብስ ፊት የምታቋርጥበት አንድም ቦታ የለም። ይህን በወረቀቱ ላይ በጣቴ እየተከተልኩ አረጋገጥኩ። ለዚህ ብቻ ባርኔጣ ይነሣለታል።

ከዚህ በላይ ያለው ግን ሌላ ነው። ጣራው የመሶብ ክዳን ቅርጽ አለው። «ለምን መሶብ?» ብለው፣ «ኮንሰፕቱ ነው» አለኝ። በትምህርት ቤቱ እያንዳንዱ ንድፍ አንድ «ኮንሰፕት» ሊኖረው ይገባል፤ ተማሪውም አንድ ባህላዊ ዕቃ ፈልጎ ሕንፃውን ያስመስለዋል። የጓደኞቹ ሥራ ጀበና፣ ነጋሪትና በገና እንደሆነ ነገረኝ። ይህ ጸሐፊ ባህል ጠል አይደለም። ነገር ግን መሶብ ያኮራን በቅርጹ ነው እንዴ? መሶብ የተከበረው በውስጡ እንጀራ ስላለና ዙሪያውን ሰው ስለሚቀመጥ ነው። መቀመጫ የሌለው መሶብ ምን ይባላል?

መቀመጫ የሌለው ስል ማጋነን እንዳይመስል ቆጥሬያለሁ። በዚያ ሁሉ አዳራሽ ውስጥ 48 ወንበር አለ። ልዩ የእንግዳ ማረፊያ፣ ካፌ፣ የባንክ ማሽንና የኤሌክትሪክ ሰሌዳ አለ። መጸዳጃው ያለው ትኬት ከሚቆረጥበት በር ወዲያ ነው፤ ትኬት ያልያዘ፣ ሸኚም ሆነ ቀድሞ የመጣ፣ አይደርስበትም። ዶሮና ቅቤ ይዞ ለሚመጣው ገበሬ ዕቃ ማስቀመጫ የለም። ቆሎ ሻጯ፣ ሊስትሮው፣ ተራ አስከባሪው፣ ተሸካሚው፣ ማለትም መናኸሪያን መናኸሪያ የሚያደርጉት ሰዎች፣ አንዳቸውም ቦታ አልተሰጣቸውም። ሕንፃው በተመረቀ ማግስት እነርሱ በራሳቸው ፕላስቲክ ሸራ ወጥረው ይገባሉ። ያን ጊዜ «ሕዝባችን ሕንፃ መያዝ አያውቅም» እንላለን።

ሌላው መስተዋቱ ነው። የአዳራሹ ሰፊ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣራ መስተዋት ሆኖ ወደ ምዕራብ ይመለከታል። በእኛ አገር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ወደ አናት ስለምትጠጋ ለመከላከል አታስቸግርም። የምታስቸግረው ጠዋትና ማታ፣ ዝቅ ብላ በጎን ስትገባ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያ አዳራሽ ምድጃ ይሆናል። «ኤሲ ይገባለታል» አለ ልጁ። በኤሌክትሪክ ችግር በተፈተነ ሐዲድ ጫፍ ላይ፣ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚቀዘቅዝ አዳራሽ! እርሱም ሲሰማው ሳቀ።

አጥሩ ላይ የተሠራ ቤት

የመርሳውን ንድፍ ሲያወጣ ይቅርታ እንደመጠየቅ አደረገው። «ይኼኛው የሦስተኛ ዓመት ነው፤ ቀላል ነው» አለ። እኔ ግን ከዚያ ወረቀት ላይ ለረጅም ጊዜ ዓይኔን አላነሣሁም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመኖች ድጋፍ የ13 ዩኒቨርሲቲዎች ግንባታ ከተጀመረ ወዲህ አገራችን ካምፓስ በፍጥነት መሥራት ተምራለች። የወልድያው ከእነዚያ ቀጥሎ በመጣው ትውልድ ውስጥ ነው። በየክልሉ የዞረ ሰው የሚያየው ተመሳሳይ ነው፤ ሰፊ ሜዳ፣ በተራ የተደረደሩ ብሎኮች፣ በመካከላቸው ረጅም ፀሐይ፣ ዙሪያውን አጥር። የብሎኩን ቁጥር ካላነበቡ የትኛው ከተማ እንዳሉ መለየት ያስቸግራል። ቸኩሎ ለመሥራት አንድን ፕላን መደጋገሙ ስሕተት አይደለም፤ ተማሪው ቁጭ ብሎ የሚያነብበት ክፍል ያስፈልገው ነበርና። ስሕተቱ በብሎክና በብሎክ መካከል ያለውን ቦታ ማንም ሳይነድፈው መቅረቱ ነው። ለነገሩ ከተማሪነት ዘመናችን የምናስታውሰው ትምህርት ግማሹ የተካሄደው በዚያ መካከል፣ በመንገድና በደረጃ ላይ አልነበረም?

ልጁ ይህን አውቆታል። የንባብ ቤቱን ከግቢው መሀል አላስቀመጠውም፤ አጥሩ ላይ አስቀመጠው። ይልቁንም አጥሩን ራሱን ቤት አደረገው። በአንድ ወገን ያለው በረንዳ ለኮሌጁ ተማሪ፣ በሌላው ወገን ያለው ለከተማው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይከፈታል፤ መጽሐፉና ጠባቂው በመካከል ናቸው። ቤቱ ስድስት ሜትር ብቻ ስፋት ስላለው ብርሃን ከሁለቱም ወገን ይደርሰዋል፤ መብራት ቢጠፋም ቀን ማንበብ ይቻላል። ረጅሙ ጎኑ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ስለሆነ ዝቅ ያለችው ፀሐይ የምታገኘው ጠባቡን ጎን ነው። በረንዳው ሁለት ሜትር ይወጣል፤ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ሦስት ሜትር ከፍታ ያለውን የደቡብ ግድግዳ ከሞላ ጎደል ለማጥላት የሚበቃ ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ የአካባቢው ድንጋይ ነው፤ የድንጋዩም ጫፍ ሰው እንዲቀመጥበት ተደርጎ ወፈር ብሏል። ርዝመቱን በሰው መቀመጫ ብናካፍለው በዚያች ትንሽ ቤት ዙሪያ ከዚያ ትልቅ መናኸሪያ የበለጠ ሰው ይቀመጣል።

«ይህን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ትምህርት ቤት ሳለን በግቢው አጥር ሥር ነበር የምናልፈው። ወደ ውስጥ ገብተን አናውቅም፤ የእኛ አልመሰለንም። በጦርነቱ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው መዘረፉን ስሰማ ግን አለቀስኩ፤ ለካስ የእኛ ነበር» አለኝ።

እንከን የለውም ማለት አይደለም። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ በሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ሥር ቁጭ ብሎ ያነበበ ሰው ምን እንደሚሆን ያውቃል። ኮርኒሱን ወፍራም ማድረግ ነበረበት። ከከተማው ወገን ያለው መግቢያ አራት ደረጃ አለው፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ተማሪ ከውጭ ይቀራል። በወልድያው ተዳፋት ላይ ያሰበውን እዚህ ሜዳ ላይ መርሳቱ ያስቆጫል። እነዚህ ግን በአንድ ሌሊት የሚታረሙ ናቸው።

የጠፋችው ሴት

ወረቀቶቹን ስንጠቀልል ከቱቦው ሥር በእርሳስ የተሠሩ ጥቂት ብጫቂዎች ወደቁ። የመናኸሪያው የመጀመሪያ ንድፎች ናቸው። በአንዱ ላይ የጣራ ክፈፍ ይታያል፤ ከክፈፉ ሥር አንዲት ሴት ጆንያ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ እግሯን አጠፍ አድርጋ። በአራት በአምስት መስመር የተሣለች ናት፤ ነገር ግን እየጠበቀች መሆኗን ማንም ይለያል። የጣራው ርዝመት የተወሰነው ከእርሷ ጉልበት አንሥቶ በተሠመረ መስመር ነበር፤ ዝናቡ ጉልበቷን እንዳይነካት!

ትልቁን ባለ ቀለም ወረቀት እንደገና አስዘረጋሁት። ሴትየዋ የለችም። በእርሷ ፈንታ ሻንጣ የሚጎትቱ፣ ስልክ የሚያወሩ፣ ካፖርት የደረቡ ረጃጅም ፈረንጆች ወዲያና ወዲህ ይሄዳሉ። በዚያ ሁሉ አዳራሽ አንድም የሚጠብቅ ሰው የለም፤ ሁሉም ይሄዳል።

«ማን ናት?»

«አላውቃትም ጋሼ። ሁልጊዜ እዚያው ናት።»

«ለምን አወጣሃት?»

ትንሽ አፈረ። «ኮምፒውተሩ የሚሰጠን ሰው የቆመ ነው፤ የተቀመጠ አጣሁ። ደግሞም ጁሪው ፊት ሥራዬን ታስደኸይብኛለች ብዬ ፈራሁ።»

አንባቢ ሆይ፣ የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ሴትየዋ ከወረቀቱ ስትወጣ ከእርሷ ጋር ብዙ ነገር ወጣ። ጣራው የሚለካበት ጉልበት ጠፋ፤ ስለዚህ ጣራው መሶብ ሆነ። የምትቀመጥበት ድንጋይ ጠፋ፤ ስለዚህ 48 ወንበር በቃ። የምትሸሸው ፀሐይ ጠፋች፤ ስለዚህ ምዕራቡ መስተዋት ሆነ። ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም። እኛ ሕንፃን የምናየው ከሚያልፍ መኪና ውስጥ ነው፤ ወይም እንደ አሞራ ከላይ፤ የማስታወቂያው ሥዕል ሁሉ ከሰማይ የታየ ነው። ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ኋላ ቀርነታችን ይመስለንና ከሥዕሉ እናወጣዋለን። ከሥዕሉ የወጣ ሰው ደግሞ ከሕንፃውም ይወጣል።

«ንድፍ ሕልም ነው፤ ተማሪ ባያልም ማን ያልም?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ሕልሙ የራስ ይሁን። «ድሃ አገር ስለ ውበት ለመጨነቅ አቅም የላትም» የሚልም አይጠፋም። እርሱስ ሒሳቡን ይሥራ፤ ሁለት ሜትር በረንዳና ለመቀመጫ የወፈረ ድንጋይ ከውጭ ከሚመጣ መስተዋት ይረክሳሉ እንጂ አይወደዱም። መጠበቅን የሚያከብር ሥነ ሕንፃ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ደጀ ሰላም ምንድን ነው? የመስጊድ በረንዳስ? ለሠርግም ለለቅሶም የምንጥለው ዳስ፣ የመንደሩ ነገር ሁሉ የሚያልቅበት ዋርካ፣ ሁሉም የተቀመጠ ሰውን መነሻ ያደረጉ ናቸው። ወሎዬ ደግሞ እንግዳን ቆሞ ማስተናገድ ነውር መሆኑን ከማንም ይልቅ ያውቃል። ይህን ማንም «ኮንሰፕት» ብሎ አልጠራውም እንጂ ከመሶብ ቅርጽ የበለጠ ባህል እርሱ ነው።

ቡናው ሦስተኛው ሲደርስ ልጁ በብጫቂዋ ጀርባ ላይ መሥመር ማስመር ጀምሮ ነበር። በምዕራቡ ወገን የመርሳውን በረንዳ ወደ መናኸሪያው አምጥቶ ሞከረው። መጸዳጃውን ከትኬቱ በር ወዲህ አወጣው። «አብሽር፣ የሚሆን ይመስላል» አለ ለራሱ። እንዲህ ያለውን ፈተና የተማሪ ብቻ አናድርገው። ለከተሞቻችን መናኸሪያና ካምፓስ የሚያዝዙ፣ የሚያጸድቁና የሚያስተምሩ ሰዎች ሁሉ በቀረበላቸው ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ የምትጠብቀዋ ሴት የት አለች?

እኔ ከወልድያ የተመለስኩት በሦስተኛው ቀን ሌሊት ነው። መኪናው እስኪሞላ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። እንደ ልማዴም ጆንያ ላይ።